ባዶውን ጣሳ የለካችው

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ እናቷ የምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት የውኃ ማሞቂያ በርሜል ፈነዳ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በርሜሉ አጠገብ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። የፈላው ውኃ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ላጣት። ሰባት ወር በሆዷ ተኝታ ሆስፒታል ቆየች። ትድናለች ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ቁስሏን የሚያጥበው አስታማሚ ደግ ሰው ነበር። ደግነቱ ግን አበሳዋ ሆነ። በየማለዳው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ነገ ትወጫለሽ» ይላታል። ነገ ይመጣል፣ እሷ አትወጣም። በአራተኛው ወር ዋናው ሐኪም ሊጎበኛት ሲመጣ ከትራሷ ቀና ሳትል፦

«ዶክተር፣ ነገ ስንት ቀን ነው?» አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ካላወቁት አላውቅም ይበሉኝ። አልቆጣም።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ሦስት ወር፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ» አላት። እህቴ ይህን ስትሰማ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። ልጅቱ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምግቧን ጨርሳ በላች። ከዚያ ወዲህ ሳይለኩ የሚናገሩ ሰዎችን መታገሥ አልሆነላትም፤ እሷንም መታገሥ ለብዙ ሰው አልሆነለትም።

ይህን የምጽፈው በያጁ አጎቷ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው መጽሐፍም የቫኩም ፓምፕ መመሪያ ነበር። ያማረ ቃል የሚፈልግ ከሌላ ይፈልግ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

አድጋ ፊዚክስ ተማረች፤ ከከተማው ዳር ካለው፣ የራሱ የኑክሌር ሪአክተር ካለው የምርምር ተቋም ተቀጠረች። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያው ተቋም በያጅ ሆንኩ። እሷ አስገባችው የሚሉ ነበሩ። ውሸት ነው። የፈተና ብየዳዬን በመጋዝ ለሁለት ቆርጠው፣ በማጉያ መነጽር አይተው ነው የወሰዱኝ።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያበሳጫል፤ እስኪ ልሞክር። በአንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰዎች ይተራመሳሉ እንበል። መግባትም ማየትም አይቻልም። በበሩ ሽንቁር አተር ትወረውራለህ። አተሩ ሰው ነክቶ ይወጣል። በየት በኩል እንደወጣ፣ ፍጥነቱም ምን ያህል እንደተለወጠ ከለካህ፣ ውስጥ ያሉት እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ታውቃለህ። አተሩ ከሪአክተሩ የሚወጣው ኒውትሮን ነው። ክፍሉ እኔ የምበይደው፣ ጭብጥ የሚያህል የአሉሚኒየም ጣሳ ነው። ሰዎቹ የሂሊየም አተሞች ናቸው።

ሂሊየም ደግሞ እንደ ሌላው ነገር አይደለም። ሌላው ሁሉ ሲበርደው አርፎ ይቀመጣል፣ ይጠጥራል። ሂሊየም በኃይል ካልተጫኑት በቀር የፈለጉትን ያህል ቢያቀዘቅዙት ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል፤ አተሞቹ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቁም። ይባስ ብሎ ከአንድ የቅዝቃዜ ልክ በታች ሲወርድ እንደ ማር መጎተት የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ አየር በማያልፍበት ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል። ለበያጅ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። ጣሳው ጠረጴዛ ላይ ሲፈተን ምንም አያፈስም። በርዶ ሲሞላ ያፈሳል። አሙቀህ ብትፈትሸው ደግሞ እንከን የለበትም። ስንት ጊዜ ከዚያ ጣሳ ጋር ብቻዬን እንደተጣላሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሥራው አንድ የቆየ ሕግ አለው። ጣሳውም ራሱ አተር ይመልሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን ይለካል፣ ቀጥሎ ሞልቶ ይለካል። ከሞላው ላይ ባዶው ሲቀነስ የቀረው የሂሊየሙ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ የማይጠላውም የለም። የኒውትሮኑ ጨረር ለተመራማሪዎቹ በቀን ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው፤ ማን ይወዳል ተለምኖ የተገኘ ቀን ባዶ ጣሳ ላይ ሲያልፍ? እሷ ግን አንድ ቀን ዘላው አታውቅም። «ቆይ፣ ባዶውን ለክተናል?» «ቆይ፣ ያኛው ቴርሞሜትር ምን አለ?» ከዚህ የተነሣ ስሟ «ቆይ ቆይ» ሆኖ ቀረ። ፊት ለፊት እትዬ ይሏታል፤ ዞር ስትል «ቆይ ቆይ መጣች» ነው።

ለእኔ የተሰጠ ሌላ ሕግም ነበር። ጨረሩ በሚያልፍበት ቦታ ሙጫ፣ ፕላስቲክ፣ ቅባት ድርሽ አይልም። በእነዚህ ውስጥ ሃይድሮጂን አለ፤ ኒውትሮን ሃይድሮጂን ሲያገኝ እንደ እብድ ይበተናል። በትልልቅ ፊደል ጽፋ ብረት ከማስርበት ከሞርሳዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋልኝ ነበር። ማንበብ የምችል ሰው ስለነበርኩ አላነበብኩትም ልል አልችልም።

ሪአክተሩ ለዘለቄታው ከመዘጋቱ አራት ዓመት በፊት አዲስ ጣሳ ሠራሁላት፤ የቀድሞው ጣሳ መንትያ፣ ልክ በልክ። ባዶውን ከመለካታቸው በፊት አብርደው፣ ሂሊየም ሞልተው ሲፈትኑት የታችኛው ስፌት አፈሰሰ። መልሰው ላኩልኝ። እንደገና ለመበየድ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ጨረሩ ያለው ደግሞ በዚያው ሳምንት ብቻ ነው። የክፍል ኃላፊው በር ላይ ቆሞ «የጋሼ ብየዳ ያፈሳል እንዴ?» አለ። ቀልድ ነበር። እኔ ግን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። በስፌቱ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታክል ሙጫ ቀባሁበት፣ አደረቅሁት፣ «ተጠግኗል» ብዬ መለስኩት። እንዴት ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በጥገናው ምክንያት ቀን ባከነ ተባለና ጣሳው በቀጥታ ተሞልቶ ተለካ፤ ባዶው በኋላ ሊለካ። በኋላ የተባለው ቀን ሳይደርስ ሪአክተሩ ለጥገና ቆመ። ኃላፊው «መንትያው ባዶውን ተለክቶ የለም? እሱን ቀንሱ» አለ። እሷም ለጊዜው ብላ እሺ አለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ እሺ ብትል ያን ጊዜ ነው።

ሲቀነስ ማንም ያላየው ጉብታ ግራፉ ላይ ብቅ አለ። ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሾላል። ሒሳበኛው፣ ማለትም ከእሷ ጋር የሚሠራው፣ ወረቀትና እርሳስ እንጂ መፍቻ ይዞ የማያውቀው ሰው፣ አተሞቹ እስከ ዛሬ ያልታወቀ እንቅስቃሴ አላቸው ብሎ ሒሳብ ሠራለት። ታተመ። ተወራ። ከተለያየ አገር ደብዳቤ መጣ። ጉብታውን በእሷ ስም ጠሩት። «ለጊዜው» የተባለውም ነገር አራት ዓመት ሆነው። ሪአክተሩ ከተጠገነ በኋላ ያን ጣሳ ባዶውን ልለካ ብላ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገባች። ሦስቴም «ባዶ ጣሳ ለመለካት?» ተብላ ተመለሰች። በሦስተኛው እንዲያውም አንዱ የኮሚቴ አባል ከማመልከቻው ጎን የሣቅ ምልክት ሥሎበት ነበር። ወረቀቱን አሳይታኛለች።

ከዚያ ሪአክተሩ ለዘለቄታው እንዲዘጋ ተወሰነ። ለእሷ የቀራት አምስት ቀን ብቻ ነበር። ጣሳውን ልገጥም የመለኪያው አዳራሽ ስገባ ሦስቱ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

«እትዬ፣ አምስት ቀን ነው ያለን፤ አምስት!» ይላል ኃላፊው። «እርስዎ ሁለቱን ለባዶ ጣሳ ይላሉ?»

«ለዚያው ለራሱ ጣሳ።»

«መንትያው ተለክቷል እኮ!»

«መንትያው ነው እንጂ እሱ አይደለም። መንትያ ወንድምህ ቢታመም አንተን ነው መርፌ የሚወጉህ?»

«ለእሱስ አንድ ሁለት መርፌ አይከፋም» አለ ሒሳበኛው። ማንም ስላልሳቀለት ወደ እሷ ዞረ። «ሴትዮ፣ እኔ እኮ አራት ዓመት ሒሳብ ሠርቼለታለሁ። ጉብታው ከሒሳቤ ጋር ገጥሟል።»

«መጀመሪያ አልገጠመም ነበር።»

«በኋላ ገጠመ።»

«ገጠመ ወይስ አስገጠምከው?»

«አቤት ምላስ! ቆይ ቆይ ስትዪ ዓለም ሊያልፍ ነው እኮ።»

«ይለፍ! እኔ ምን አገባኝ? ጨረሩ የተሰጠው በኔ ስም ነው። ጋሼ፣ ባዶውን ይግጠሙልኝ።»

ኃላፊው እጁን አጨብጭቦ ወጣ። እኔም ብሎኑን እያጠበቅሁ ሳለሁ ያቺ ምስር ትዝ አለችኝ። አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብላኝ አታውቅም። መናገር የነበረብኝ እዚያው ነው። «ይህችን የምታክል ነገር ምን ታደርጋለች?» ብዬ ራሴን አታለልኩና ገጥሜ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስመላለስ ዝም አልኩ። ሰው በሥራው የኮራ ጊዜ አፉም አብሮ ይበየዳል መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ብየዳ ክፍሌ መጣች። ወረቀት ይዛለች።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ይህን ይዩልኝ።»

አየሁት። «ጣሳው ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው። አየሩን ሁለት ጊዜ መጥጬ አውጥቻለሁ።»

«ጉብታው ግን አለ።»

«አለ። እንዲያውም አምሮበታል። ሂሊየም የሌለበት የሂሊየም እንቅስቃሴ!» ወረቀቱን ሞርሳው ላይ ጣለችው። «አሉሚኒየም እንዲህ አያደርግም። መንትያውም አላደረገም። እዚህ ጣሳ ላይ ምን አለ?»

«ሙጫ አለበት» አልኳት።

«የት?»

«የታችኛው ስፌት ላይ። በውስጥ በኩል።»

«ምን ያህል?»

«የምስር ፍሬ ታክላለች።»

ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አየች፤ እኔን አየች።

«ምስር! ጋሼ፣ ምስር! እኔ እኮ ሦስት ጉባኤ ላይ ቆሜ ስለ ሙጫዎ ንግግር አድርጌያለሁ! አጨብጭበውልኛል!»

«ብየዳዬ አፈሰሰ ማለት ከበደኝ።»

«ሂሊየም የማያፈስበት ማን አለ? ሥራው እኮ ነው! ከሪአክተሩ መሐንዲስ ጀምሮ ያልፈሰሰበት ሰው ያሳዩኝ! እና አሁን ነው ትዝ ያለዎት?»

«ጣሳውን ስገጥም።»

«ሁለት ቀን!» አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልጽፍም። የሚገባኝ ነበር። ስትጨርስ ከመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወረቀቱን አንሥታ በጥንቃቄ አጠፈችው፤ «ሦስት ቀን አለኝ። አሁን ሞልቼ ልለካው ነው» ብላ ወጣች።

ሦስቱን ቀን ሞልታ ለካች። ከሞላው ላይ የዚያኑ ጣሳ ባዶ ቀነሰች። ጉብታው ጠፋ። የቀረው መስመር ሌሎች ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠሩት መስመር ነው፤ ትንሽ ጠርቶ ብቻ። አርብ ዕለት ሪአክተሩ ተዘጋ።

በቀጣዩ ሰኞ ኃላፊው ቢሮው ጠራን። የሙጫውን ነገር ሰምቷል። በመቆጣት ፈንታ ተለሳለሰ፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«እትዬ፣ እስኪ ረጋ ብለን እናስብበት። ሪአክተሩ ተዘግቷል። ይህን ጣሳ ደግሞ የሚለካ የለም። ሌላ ቦታ ቢሞክሩም ጣሳው ሌላ፣ መሣሪያው ሌላ ነው። እርስዎም ለሹመት ስምዎ ቀርቧል። ነገሩ ራሱ ቀስ ብሎ ይረሳል።»

«ራሱ አይረሳም። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ይፈልገዋል፤ ሲያጣው የኔ መሣሪያ ነው ችግሩ ይላል። ዓመታቱን በልቶ ይጨርሳል።»

«አንድ ሰው ነው እኮ።»

«እኔስ ስንት ሰው ነኝ?»

ሒሳበኛው እስከዚያ ድረስ ጥግ ይዞ በመስኮት ይመለከት ነበር። «ሒሳቤስ?» አለ ሳይዞር።

«ሒሳብህ ምንም አልሆነ። የሙጫ ሒሳብ ነው።»

ይጣላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ይሥቃል። «አምጪ እስኪ የማስተባበያውን ደብዳቤ» አለ፤ «እኔ አስቀድሜ ካልፈረምኩ ነገ ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ወደ ክፍሌ አምጥታ አነበበችልኝ። «ያፈሰሰ ስፌት በሙጫ ተደፍኖ ነበር፤ የዚያው ጣሳ ባዶ በጊዜው አልተለካም፤ የታየው ጉብታ የሙጫው ነው፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው» ይላል።

«ሙጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ። በያጁ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የበያጅ ስም አይጻፍም።»

«ያን ጊዜ ጽሑፉ ሲታተም ስታመሰግኑም አልጻፋችሁኝም። በጥፋቱ እንኳ ልገኝ እንጂ።»

«ጋሼ፣ አሁን ለዚህ ይሟገቱኛል?»

«እሟገታለሁ። ለሃያ ዓመት ጣሳ ሠርቻለሁ። ስደብቅ ሰው ነበርኩ፤ ጥፋቴን ሳምንም ሰው ልሁን።»

ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «የቀቡት እርስዎ ነዎት። ሳልለካ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ለሌላው አስተምረዋለሁ፣ ሲያስቸኩሉኝ ደግሞ ለጊዜው ብዬ እሺ አልኩ። ይህንን ከላዬ አይውሰዱብኝ።» ይሁንና እስክሪብቶዬን ተቀብላ «በሙጫ» ከሚለው ቃል በፊት «በወርክሾፑ በያጅ» የሚል ጨመረችበት። አጻጻፏ የተናደደ ሰው አጻጻፍ ነበር፤ ወረቀቱን ልትበሳው ምንም አልቀራት።

ደብዳቤው ወጣ። ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለጉባኤ የሚጠሯት ሰዎች ሳያስታውቁ መጥራት ተዉ፤ ጉብታውን በስሟ የጠሩትም ጠርተውት እንደማያውቁ ሆኑ። አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣላት፤ ከአንዲት የማታውቃት ሴት። «ሦስት ዓመት ፈልጌ ስላጣሁት ሥራዬን ልተው ነበር፤ አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። እሷ አንብባ «ሦስት ዓመት!» ብላ ተናደደች እንጂ አልተደሰተችም። ከዚያ በኋላ የቀራትን የሥራ ዘመን የሌሎችን መለኪያዎች በማረም ጨረሰች። ማረም እንግዲህ ወዳጅ አያፈራም።

ዛሬ እኔ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፤ እሷ ስልሳ ሦስት። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፤ እሑድ እሑድ ቤቷ እሄዳለሁ። ይህን ልጽፍ ስነሣ በሥራ ዘመኗ ከሁሉ የሚበልጥባት ነገር ምን እንደነበር ጠየቅኋት። ሻይ እየቀዳች ነበር።

«አሁን ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው ጋሼ? የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መሰሉኝ እኮ።»

«መልሺልኝ እንጂ።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«አራት ዓመት ሙሉ የምፈልገውን ነገር ሳይ ነበር። እሱ ምንም አይደል፤ ማንም ያየዋል። የማልፈልገውን ለማየት ግን ሁለት ቀን ለመንኩ፣ ተጣላሁ፣ አገኘሁ። አየሁትም። ከዚያ ሁሉ የጨረር ቀን የኔ የምላቸው እነዚያን ሁለቱን ነው። እንዲህ ብለው ይጻፉት። ደግሞ እንዳያሳምሩት።»